የሼክስፒር ተውኔት ከብዕር እስከ መድረክ፦ በዚያ ዘመን ሥራው እንዴት ይሄድ ነበር?

ገቢር ሦስት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ሼክስፒር በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ታላቅነቱ ነው፤ ሥራው ከቀን ወደ ቀን እንዴት ይካሄድ እንደነበር ግን እምብዛም አይነሣም። ጉዳዩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ፦ አንድ ተውኔት ተጽፎ ሲያልቅ ማን ይገዛው ነበር፣ በስንት? ተዋንያኑ እንዴት ያጠኑት ነበር? ግሎብ የሚባለው ቴአትር ቤት በምን ተሠራ፣ ለምንስ ተቃጠለ? ሐምሌት በተለያየ መልክ ታትሟል የሚባለው ምን ማለት ነው? ሼክስፒርና የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ የሚባለውስ እውነት ነው? ለማመሳከር እንዲመቸኝ ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. ብታደርጉልኝ።

የቀለም ቀንድ፦
ከጽሕፈት ጠረጴዛው ልነሣ። ብዕሩ የዝይ ላባ ነው። ቀለሙን በተመለከተ በ1571 በለንደን የታተመ የእጅ ጽሕፈት መማሪያ መጠኑን ለይቶ ይሰጣል፦ 1 ኳርት ወይን ጠጅ (1 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል)፣ 5 አውንስ የኦክ ዛፍ እባጭ፣ 3 አውንስ የብረት ሰልፌት፣ 2 አውንስ ሙጫ። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው። እባጩ ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ዛፉ ላይ ስትጥል የሚያብጠው ድቡልቡል ነገር ነው፤ ተወቅጦ ወይኑ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሙጫው ቀለሙን ያወፍረዋል፤ ከላባው ጫፍ ተዘርግፎ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ይይዘዋል። ሲጽፉበት የገረጣ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የብረት ሰልፌቱ ከበዛ ግን ቀለሙ ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይበላዋል። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች የጥላሸት ቀለም ይህ ጠባይ የለውም።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ፣ የሮዝ ቴአትር ቤት ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎ ገቢና ወጪውን የጻፈበት መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። በ1590ዎቹ አንድ አዲስ ተውኔት 6 ፓውንድ ገደማ ያወጣ እንደነበር የምናውቀው ከዚያ ነው። ደራሲው አስቀድሞ ቀብድ ይቀበላል፤ ጽፎ ባስረከበ ቁጥር ደግሞ ቀሪው ይከፈለዋል። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ተውኔቱ የገዛው የተዋንያን ቡድን ንብረት ነው፤ ቢያሳትሙት፣ ቢቆርጡት፣ ሌላ ሰው ትዕይንት ቢጨምርበት ደራሲው የሚጠይቀው መብት የለውም። ሁለትና ሦስት ሰው ተከፋፍሎ መጻፍም የተለመደ ነበር። ሼክስፒር ራሱ «ሄንሪ ስምንተኛ»ን ከጆን ፍሌቸር ጋር ጽፎታል።

ቀጥሎ ፈቃድ አለ። የቤተ መንግሥቱ የመዝናኛ ሹም ኤድመንድ ቲልኒ እያንዳንዱን ተውኔት ያነባል፤ ለንባቡ 7 ሽልንግ ይከፈለዋል። ያልወደደውን ይሰርዛል። ስለ ሰር ቶማስ ሞር በተጻፈው ተውኔት የእጅ ጽሑፍ ላይ የሕዝቡ ዐመፅና መነሻው ጨርሶ እንዲወጣ በራሱ እጅ ያዘዘው ትእዛዝ ዛሬም ይነበባል። በዚያው የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ሦስት ገጾችን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሼክስፒር እጅ ናቸው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ከስድስቱ ፊርማዎቹ ሌላ በእጁ የጻፈው የቀረን ይህ ብቻ ነው ማለት ነው።

ፈቃዱ ሲገኝ ቡድኑ ጽሑፉን እያባዛ ለሁሉም አያድልም። አንደኛ፣ በእጅ መገልበጥ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ሁለተኛ፣ ሙሉው ቅጂ ከእጅ ከወጣ አሳታሚ ወይም ተቀናቃኝ ቡድን ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተዋናይ የሚሰጠው የራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቆ ይጠቀለላል። ከእያንዳንዱ ንግግሩ በፊት የሚጻፍለት፣ ሌላው ተዋናይ ሊጨርስ ሲል የሚላቸው ሁለት ወይም ሦስት የመጨረሻ ቃላት ናቸው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንኳ አይጻፍለትም። ታዋቂው ተዋናይ ኤድዋርድ አሊን ኦርላንዶን ሆኖ የተጫወተበት ጥቅል በለንደን ደልዊች ኮሌጅ እስከ ዛሬ ተጠብቋል።

የዚህ አሠራር ችግር ግልጽ ነው። ምልክት የሆኑት ቃላት በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመጡ ተዋናዩ ያለ ጊዜው ይገባል። ተለማማጁ ምልክቱንም አብሮ በቃሉ ካጠና የሰውየውን ቃል ይነጥቃል። «የበጋ ሌሊት ሕልም» ውስጥ የእጅ ባለሙያዎቹ ሲለማመዱ አንዱ ድርሻውን ከነምልክቱ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል፣ መሪያቸውም ይገሥጸዋል። የዚያ ዘመን ተመልካች በዚህ የሚስቀው የሥራውን ደንብ ስለሚያውቅ ነው።

ከመድረኩ ጀርባ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፣ በችንካር ይንጠለጠላል። በላዩ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚገባ በአጭሩ ተጽፏል። ከመካከላቸው የተረፉ አሉ። ስለ አልካዛር ጦርነት በተጻፈው ተውኔት ሰሌዳ ላይ 3 ብልቃጥ ደምና የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ እንዲዘጋጅ ታዟል፤ መድረክ ላይ ሆድ ሲቀደድ የሚታየው የእውነት የበግ ሆድ ዕቃ ነበር።

ፔኒ በር፦
የቀለም ቀንድ ስለ 6 ፓውንዱ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ልብሱን ልጨምርበት። በዚያው በሄንስሎ መዝገብ ቶማስ ሄይዉድ ለአንድ ተውኔት 6 ፓውንድ ሲከፈለው፣ ለዚያው ተውኔት ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ የተሰፋው የጥቁር ከፋይ ቀሚስ 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ፈጅቷል። ኤድዋርድ አሊን ለአንድ ካባ ብቻ 20 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ከፍሏል። ገንዘቡን ለመመዘን፦ 12 ፔኒ 1 ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ 1 ፓውንድ ነው፤ የለንደን አናጺ ወይም ግንበኛ በቀን 1 ሽልንግ ገደማ ያገኝ ነበር። በዚያ ሒሳብ ካባው ከአንድ ዓመት የቀን ሥራ በላይ ነው። የቡድኑ ትልቁ ሀብት አልባሳቱ ስለሆነ ቃጠሎ ሲነሣ፣ ዕዳ ሲመጣ፣ ተዋናይ ሲኮበልል መጀመሪያ የሚያሳስበው ልብሱ ነው። በ1599 ለንደንን የጎበኘው የስዊዙ ቶማስ ፕላተር እንደጻፈው መኳንንት ሲሞቱ ልብሳቸውን ለአሽከሮቻቸው ይናዘዛሉ፤ አሽከሮቹ ሊለብሱት ስለማይገባቸው ለተዋንያን ይሸጡታል።

ፕላተር የመግቢያ ዋጋውን ጭምር ጽፎልናል። ሜዳው ላይ ቆሞ የሚያይ 1 ፔኒ፤ ሰገነት ላይ ለመቀመጥ ሌላ 1 ፔኒ፤ ትራስ ያለው ጥሩ መቀመጫ ለፈለገ ሦስተኛ ፔኒ። የሚሰበሰበው በየበሩ ስለሆነ ሒሳቡ በራሱ የተከፋፈለ ነው። የሜዳው ፔኒ ለተዋንያኑ ይሆናል፤ የሰገነቱ ገቢ ግማሹ ለተዋንያኑ፣ ግማሹ ለሕንፃው ባለቤቶች። ሼክስፒር ሀብታም የሆነበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በ1594 በተቋቋመው የሎርድ ቻምበርሌን ቡድን ውስጥ ባለድርሻ ነበር፤ በ1599 ደግሞ ከግሎብ ሕንፃ ላይ 10 ከመቶ ያዘ። የበርቤጅ ወንድማማቾች 50 ከመቶ፣ አምስት ተዋንያን እያንዳንዳቸው 10 ከመቶ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ይከፈለው ነበር። ገና በ1597 ኒው ፕሌስ የተባለውን፣ ከስትራትፎርድ ትልልቅ ቤቶች አንዱን ገዝቶ ነበር፤ በ1602 ደግሞ 107 ኤከር መሬት በ320 ፓውንድ ጨመረ። በብዕሩ ብቻ ቢኖር ኖሮ በ6 ፓውንድ ሒሳብ የማይሞከር ነው።

ስለ ልምምድ ሥነ ሥርዓት ደግሞ በ1614 ሮበርት ዶውዝ ከተባለ ተዋናይ ጋር የተፈረመው ውል ቅጣቱን ይዘረዝራል፦ ለልምምድ የዘገየ 1 ሽልንግ፣ ከልምምድ የቀረ 2 ሽልንግ፣ ለትርኢት ለብሶ ዝግጁ ያልሆነ 3 ሽልንግ፣ በትርኢት ሰዓት የሰከረ 10 ሽልንግ፣ ያለ ፈቃድ ከትርኢት የቀረ 20 ሽልንግ። የቡድኑን ልብስ ለብሶ የወጣ 40 ፓውንድ! ልምምዱ ጥብቅ የሆነው ጊዜ ስለሌለ ነው። የአድሚራል የተባለው የተዋንያን ቡድን በ1594-95 ወቅት 38 ተውኔት አሳይቷል፤ 21ዱ አዲስ ናቸው። በተከታታይ ቀናት ያው ተውኔት አይደገምም። ዛሬ ማታ የሚያጠናው ነገ ከሚጫወተው የተለየ ነው።

አዲስ አንባቢ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ወንዶች ይጫወቱ ነበር ሲባል ጎልማሶች ናቸው ወይስ ልጆች?

መልበሻ ቤት፦
ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ ለአንድ አዋቂ ተዋናይ እንደ ሙያ ተማሪ ተሰጥተው እሱ ዘንድ ይኖራሉ። የሼክስፒር የቡድን ባልደረባ ጆን ሄሚንግስ የግሮሰሮች (የቅመማ ቅመም ነጋዴዎች) ማኅበር አባል ስለነበር ልጆቹን በዚያ ማኅበር ስም ያስመዘግብ ነበር፤ ተዋንያን የራሳቸው ማኅበር አልነበራቸውምና። ሴት በለንደን የንግድ መድረክ ላይ በሙያ የወጣችው ከ1660 ጀምሮ ነው።

ይህ ገደብ ተውኔቶቹን ራሳቸውን ቀርጿቸዋል። ትልልቅ የሴት ድርሻ የሚሸከሙ ልጆች በአንድ ቡድን ውስጥ ጥቂት ስለነበሩ በአንድ ትዕይንት ብዙ ሴቶች ሲናገሩ አታገኙም። ሮዛሊንድ፣ ቫዮላና ፖርሺያ የወንድ ልብስ የሚለብሱበትን ምክንያት ስትፈልጉም አንዱን እዚህ ታገኙታላችሁ፤ ልጁ በወንድ ልብስ ይቀለዋል። ድምፁ ሲጎረንን ወደ ወንድ ገጸ ባሕርይ ይሸጋገራል። ፊቱ የሚነጣው በእርሳስና በኮምጣጤ በተዘጋጀ ዱቄት ነው፤ እርሳስ መርዝ ነው። የሴት ልብሱ እጅጌው፣ አንገቱና ቀሚሱ ለየብቻ ሆኖ በስፒል የሚያያዝ ስለሆነ አንዱ ልጅ ሁለት ሴት ሆኖ እንዲገባ ከተፈለገ በመካከል ረዘም ያለ ትዕይንት ያስፈልጋል። ተውኔት የምታዘጋጁ፣ ድርሻ ከመደረባችሁ በፊት ይህን ቁጠሩ።

አናጺው፦
ወደ ሕንፃው። ጄምስ በርቤጅ በ1576 ከለንደን ከተማ ቅጥር ውጭ በሾርዲች «ዘ ቴአትር» የተባለውን ሠራ። መሬቱ የጋይልስ አለን ነበር፤ ኪራዩ 21 ዓመት። በ1597 ጊዜው ሲያልቅ ባለመሬቱ አላድስም አለ። ውሉ ግን ተከራዩ የሠራውን ሕንፃ አፍርሶ መውሰድ ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረው። ስለዚህ ዲሴምበር 28 ቀን 1598 ባለመሬቱ ከተማ በሌለበት የበርቤጅ ልጆች ከአናጺው ፒተር ስትሪት ጋር ሆነው ማፍረስ ጀመሩ። አለን በኋላ የ800 ፓውንድ ካሣ ጠይቆ ከሰሳቸው፤ አልተሳካለትም።

ይህ ሊሆን የቻለው በአሠራሩ ነው። የኦክ እንጨቱ በብረት ሚስማር አልተመታም። የአንዱ ግንድ ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ በእንጨት ችንካር ይቆለፋል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ አናጺው የጫረበት የሮማ ቁጥር አለው፤ ምክንያቱም በእጅ የተጠረበ መጋጠሚያ ከተሠራለት ጓደኛው ውጭ ከሌላ ጋር አይገጥምም። ችንካሩን ነቅሎ፣ ቁጥሩን ተከትሎ፣ ሌላ ቦታ መልሶ መግጠም ይቻላል። ደረቅ ኦክ ከእርጥቡ ይልቅ ለመጥረብ በጣም ስለሚጠነክር አሮጌውን እንጨት ያለ ቁጥሩ መጠቀም ድካሙ ከአዲስ ይብስ ነበር። እንጨቱ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ሳውዝዋርክ ተሻግሮ በ1599 ግሎብ ሆነ።

የግሎብ ፕላን የለንም። በጣም የሚጠቅመን ያው ስትሪት ጃንዋሪ 8 ቀን 1600 ፎርቹን የተባለውን ቴአትር ለመሥራት ከሄንስሎና ከአሊን ጋር የፈረመው ውል ነው። ዋጋ 440 ፓውንድ። ከውጭ 80 ጫማ በ80 ጫማ (24 ሜትር ከግማሽ ገደማ)፣ ውስጡ ሜዳ 55 በ55 (17 ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረው)። ሦስት ፎቅ ሰገነት፤ የመጀመሪያው ከፍታ 12 ጫማ፣ ሁለተኛው 11፣ ሦስተኛው 9። እያንዳንዱ ላይኛ ፎቅ ከታችኛው 10 ኢንች ወጣ ይላል፤ የዝናቡ ውሃ ከታችኛው ግድግዳ እንዲርቅ ያደርጋል። መድረኩ 43 ጫማ ስፋት፣ እስከ ሜዳው እኩሌታ። ለቀረው ነገር ውሉ «እንደ ግሎብ ይሁን» እያለ ያልፋል፤ እኛን የሚያስቸግረንም ይኸው ነው። ፎርቹን አራት ማዕዘን፣ ግሎብ ግን ክብ መሳይ ባለ ብዙ ጎን ስለሆነ ልኩ በቀጥታ አይገለበጥም። በ1989 የግሎብ መሠረት ሲገኝ የተቆፈረው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሌላው በቅርስነት ከተመዘገቡ ቤቶች ሥር ነው። በ1997 የተከፈተው አዲሱ ግሎብ 20 ጎንና 100 ጫማ ስፋት ያለው ሆኖ የተሠራው በግምት ነው። ትልቅ ሆኗል የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ።

ቃጠሎው ጁን 29 ቀን 1613 ነው። «ሄንሪ ስምንተኛ» ሲታይ ንጉሡ ወደ ግብዣው ሲገባ መድፍ ይተኮስ ነበር። ጥይት የለውም፤ ባሩዱን የሚጠቀጥቀው ወረቀት ወይም ሌላ ውታፍ እየነደደ ወጥቶ የሣር ክዳኑ ላይ አረፈ። ሰዉ ትርኢቱን እያየ ጭሱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እሳቱ ክዳኑን ዙሪያውን በላው፤ ሕንፃው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደመ። ሰው አልሞተም፤ ሱሪው የተያያዘበት አንድ ሰው በጠርሙስ ቢራ እንዳጠፋው ሰር ሄንሪ ዎተን በደብዳቤው ጽፏል። በ1614 እዚያው መሠረት ላይ ሲሠራ ክዳኑ ሸክላ ሆነ። መጀመሪያም ሸክላ ያላደረጉት ለቁጠባ ይመስለኛል፤ ሣር ርካሽም ቀላልም ነው።

የወንዝ ዳር፦
አናጺው፣ የተፈቱትን እንጨቶች በአንድ ሌሊት በረዶ በሆነው ቴምዝ ላይ ጎትተው አሻገሩ ሲባል በብዙ ቦታ አንብቤአለሁ። እርስዎ አልጠቀሱትም።

አናጺው፦
ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ማፍረሱ ብቻ ቀናት ይወስዳል። ስትሪት በወንዙ ሰሜን ዳርቻ፣ ብራይድዌል አጠገብ የእንጨት ማከማቻ ነበረው፤ እንጨቱ እዚያ ተቀምጦ አየሩ ሲሻሻል በጀልባ ተሻገረ ማለቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስኬድ ነው። የሳውዝዋርኩ መሬት ኪራይም የተፈረመው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1599 ነው። ረግረጋማ ቦታ ስለሆነ መሠረቱን ለመትከል መሬቱ ከበረዶው እስኪላቀቅ መጠበቅም ነበረባቸው።

የሟቾች መዝገብ፦
ገቢር ሦስት ባይጠይቀውም ያለ ቸነፈር ይህ ዘመን አይገባም። በለንደን በየአጥቢያው የሞተው ሰው በሳምንት ይቆጠራል። በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን መጀመሪያ በቸነፈር የሞተው በሳምንት ከ30 ካለፈ ቴአትር ቤቶች ይዘጋሉ። ከ1592 እስከ 1594 ባለው ጊዜ ከጥቂት የክረምት ሳምንታት በስተቀር ተዘግተው ከረሙ። በ1593 በለንደን ከ10,000 በላይ፣ በ1603 ከ25,000 በላይ ሰው አለቀ። ቡድኖቹ ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ ግን የጉዞው ወጪ ከገቢው ይበልጣል። በ1593 የፔምብሮክ ቡድን ወጪውን መሸፈን አቅቶት ለንደን ተመልሶ ልብሱን አስይዞ ተበደረ። ፔኒ በር ስለ ልብሱ ያለውን ከዚህ ጋር አያይዙት፤ ልብሱን ያስያዘ ቡድን መሥሪያውን አስያዘ ማለት ነው።

ሼክስፒር በዚያ መዘጋት ጊዜ ሁለት ረጃጅም ግጥሞች አሳተመ፤ በ1593 «ቬነስና አዶኒስ»፣ በ1594 «የሉክሪስ መደፈር»። ሁለቱንም ለሳውዝሃምፕተን መስፍን አበረከተ፤ ያተማቸው ሪቻርድ ፊልድ የስትራትፎርድ ልጅ ነው። መድረክ ሲዘጋ ገንዘብ የሚገኘው ከአሳታሚና ከባለጸጋ ነበርና።

ከቸነፈሩ ሌላ ፖለቲካው አለ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1601 የኤሴክስ መስፍን ደጋፊዎች ከተለመደው 40 ሽልንግ ጨምረው የሼክስፒርን «ዳግማዊ ሪቻርድ» የራሱ ቡድን እንዲያሳየው አደረጉ፤ ንጉሥ ከዙፋን የሚወርድበት ተውኔት ነው። በማግስቱ መስፍኑ አመፀ፣ ከሸፈበት። ባለድርሻው አውጉስቲን ፊሊፕስ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፤ ተውኔቱ አሮጌ ስለሆነ ተመልካች እንዳያጡ ፈርተው እንደነበር፣ በ40ው ሽልንግ እንደተስማሙ ተናገረ። ቡድኑ አልተቀጣም። እንዲያውም መስፍኑ አንገቱ ከመቆረጡ በፊት በነበረው ምሽት፣ ፌብሩዋሪ 24፣ በንግሥቲቱ ፊት ተጫወተ። በ1597 በታተመው «ዳግማዊ ሪቻርድ» ውስጥ ከዙፋን መውረጃው ክፍል የለም፤ ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ በ1608 ነው የወጣው።

ዘመነ ሱስንዮስ፦
ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ ስለሞቱበት ቀን እኔ ልመልስ፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከእንግሊዞቹ ይልቅ ይቀለዋል። ስፔን በ1582 የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ተቀበለች፤ እንግሊዝ እስከ 1752 በዩልየስ አቆጣጠር ቆየች። በ1616 ልዩነቱ 10 ቀን ነው። ሼክስፒር የሞተበት ኤፕሪል 23 በስፔን ሜይ 3 ነው። ሰርቫንቴስ ደግሞ የሞተው ኤፕሪል 22 ነው፣ የተቀበረው 23። ስለዚህ በመካከላቸው 11 ቀን አለ።

ወደ እኛ ስትመልሱት የምትሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። የዛሬውን ሰንጠረዥ ከወሰዳችሁ ኤፕሪል 23 ሚያዝያ 15 ይሆንላችኋል፤ ሰንጠረዡ ግን ለጎርጎርዮስ ነው። የዩልየስና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሁለቱም በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን ስለሚጨምሩ አይለያዩም፤ መስከረም 1 ምንጊዜም በዩልየስ ኦገስት 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች 30። በዚያ ስትቆጥሩ ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሚያዝያ 28 ቀን 1608 ዓ.ም. ይወጣል፤ አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን። የተወለደበት ቀን አልተመዘገበም፤ ኤፕሪል 23 የሚባለው በልማድ ነው። የተመዘገበው የተጠመቀበት ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ነው፤ ይህም ግንቦት 1 ቀን 1556 ዓ.ም.፣ ልደታ ለማርያም፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን።

አንድ ሌላ ወጥመድ፦ በእንግሊዝ መዝገብ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ የሞተችው ማርች 24 ስለሆነ የዚያን ጊዜ ጸሐፊ 1602 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ እኛ 1603 እንላለን።

ማተሚያ፦
ሐምሌት በ1603፣ በ1604-5 እና በ1623 ታትሟል። የመጀመሪያው አጭር ነው፣ የሁለተኛውን እኩሌታ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ፖሎኒየስ እዚያ ኮራምቢስ ይባላል፤ ታዋቂው «መኖር ወይስ አለመኖር» ሁለተኛው ሐረግ ተለውጦ «አዎ፣ ነገሩ ይህ ነው» ይላል። ብዙዎች አንድ ትንሽ ድርሻ የነበረው ተዋናይ ከትዝታው አስጽፎት ነው ብለው ይገምታሉ፤ የቀለም ቀንድ ስለ ድርሻ ጥቅል ያለውን ስታስቡ ግምቱ ይያዝላችኋል፤ የራሱን ያውቃል፣ የሌላውን ሰምቶ ነው። የዚያ እትም ሁለት ቅጂ ብቻ ቀርቷል።

የሼክስፒርን ተውኔቶች የያዘውን የ1623ቱን ትልቅ መጽሐፍ ያሰባሰቡት የቡድኑ ባልደረቦች ሄሚንግስና ኮንደል ናቸው። 36 ተውኔት ይዟል፤ 18ቱ ከዚያ በፊት አልታተሙም፤ ማክቤዝ፣ ዩሊየስ ቄሣርና «ማዕበሉ» ከእነርሱ መካከል ናቸው። ይህ መጽሐፍ ባይኖር እነዚህን አናነባቸውም ነበር፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች ምስጋና በቂ አይጻፍም።

ስሕተቶቹ ከየት መጡ ለሚል፣ አሠራሩ ይህ ነው። ሦስት ትልልቅ ወረቀት አንድ ጊዜ ታጥፈው አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ፤ 12 ገጽ ይሆናል። በውስጠኛው ወረቀት ላይ ገጽ 6 እና 7 ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ሥራው የሚጀመረውም ከእነርሱ ነው፤ የእርሳስ ፊደሉ አንሶ 12ቱን ገጽ አንድ ላይ መደርደር ስለማይቻል። እንግዲህ ፊደል ደርዳሪው ገጽ 1 እስከ 5 ስንት መስመር እንደሚወስድ አስቀድሞ በግምት መቁጠር አለበት። ግምቱ ካነሰ መጨረሻ የሚደረደረው ገጽ ይጨናነቃል፤ ግጥሙ እንደ ዝርው ተያይዞ ይደረደራል፣ ቃል ይጣላል። ከበዛ አንዱ ስንኝ ለሁለት ይሰበራል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል። አርትዖቱም ማተሚያው እየሠራ ስለሚደረግ፣ ከእርማቱ በፊት የወጣው ወረቀት አይጣልም፤ ከታረመው ጋር ተቀላቅሎ ይጠረዛል። ከተረፉት 235 ገደማ ቅጂዎች ሁለቱ ፍጹም የሚመሳሰሉበት የለም ቢባል አያስደንቅም።

ሁለተኛ መደብ፦
ለሚተረጉሙ ወገኖች አንድ ነገር። በሼክስፒር ጊዜ እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ነበረው፤ ዛሬ የጠፋው የመጀመሪያው ነው። አማርኛ ሁለቱም ስላሉት ከዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ እኛ እንሰማዋለን። ሐምሌት እናቱ ክፍል ሲገባ እናቱ በ«አንተ» ትጀምራለች፦ አባትህን አስቀይመሃል። እሱ በ«እርስዎ» ይመልሳል፦ እናቴ፣ አባቴን አስቀይመዋል። ወዲያው እሷም ወደ «እርስዎ» ትሻገራለች። እናት ልጇን «እርስዎ» ስትለው ምን ያህል እንደራቀችው ለአማርኛ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ግን ተርጓሚው ሁሉንም «አንተ» ያደርገውና ያ ቅዝቃዜ ይጠፋል። መጀመሪያ ጽሑፉን ይዛችሁ እያንዳንዱን ተውላጠ ስም በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የሚለወጥበትን ቦታ ሳታውቁ አትተርጉሙ። ብዙ ቁጥሩም በዚያው ቃል ስለሚነገር «እናንተ» የሚሆንበትን ለዩ።

ስንኙን በተመለከተ፣ የሼክስፒር መስመር በአብዛኛው 10 ቀለም (የድምፅ ምት) ነው፣ ቤት አይመታም። በቁጥር ሰንጎ መገን (5 በ5) ይጠጋዋል፤ ግን ሰንጎ መገን መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ ቤትም ይመታል፣ ዘፈን ዘፈን ይላል። የወል ቤት (6 በ6) ለንግግር የተሻለ ትንፋሽ ይሰጣል። እንግሊዝኛው አጫጭር ቃል ስለሚበዛበት አማርኛው ሁልጊዜ ይረዝማል፤ አንዱን መስመር በአንድ ለመጨረስ መታገል ግሡን ያንቃል።

ገቢር ሦስት፦
ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ሐምሌት ሙሉው 4 ሰዓት ይወስዳል ይባላል። በቀን ብርሃን እንዴት ጨረሱት?

የቀለም ቀንድ፦
ሙሉውን ተጫውተውት አይመስለኝም። በኦክቶበር 1594 የሼክስፒር ቡድን የበላይ ጠባቂ ለከተማው ከንቲባ በጻፈው ደብዳቤ ትርኢቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በ10ና በ11 ሰዓት መካከል እንደሚያልቅ ቃል ገብቷል። ይህ 2 ሰዓት ከግማሽ አካባቢ ነው። በለንደን በክረምቱ መካከል ፀሐይ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የሁለተኛው እትም ሐምሌት ከ3,500 መስመር በላይ ነው፤ በፍጥነት ቢናገሩት እንኳ አይገባም። የ1623ቱ እትም የቡድኑን ቁርጥ በከፊል ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ በአራተኛው ገቢር ሐምሌት የፎርቲንብራስን ጦር አይቶ ለብቻው የሚናገረው 35 ገደማ መስመር እዚያ የለም። መቁረጥ ያለባችሁ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለው ምልክት ሳይነካ ይወጣል።